ደርዘኑ ስንት ነው?

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ የጎልፍ ዕቃ መደብር፣ ከኳሶቹ መደርደሪያ ፊት ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ፣ በሙያዋ ኬሚካል መሐንዲስ ናት። እሳቸው የጎልፍ ዱላ የጨበጡት ከጡረታ ወዲህ ነው፤ እሷ ከኮሌጅ ጀምሮ ትጫወታለች። ስለ ጨዋታው እምብዛም አይጨቃጨቁም። የሚጨቃጨቁት ስለ ኳስ ዋጋ ነው።

«ሃምሳ አምስት ዶላር!» አሉ አጎት፣ የታይትሊስት ፕሮ ቪ1 ደርዘን ላይ የተለጠፈውን ዋጋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እያዩ። «ለአሥራ ሁለት ኳስ! አንዷ በ4 ዶላር ከ58 ሳንቲም ወጣች ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ኩሬ ውስጥ የምወረውረው ምን ስለት ኖሮብኝ ነው?»

«ማን ወርውር አለዎት፣ ጋሼ?»

«እጄ ነዋ!»

ከታችኛው መደርደሪያ ሌላ ካርቶን አነሡ። እዚያ ረድፍ ላይ የታይትሊስት ትሩፊል፣ የካላዌይ ሱፐርሶፍትና የስሪክሰን ሶፍት ፊል ተደርድረዋል፤ የሁሉም ደርዘን 25 ዶላር ገደማ ነው። «ደንቡን አንብቤዋለሁ» አሉ። «ኳስ ከ45.93 ግራም በላይ መመዘን አይችልም። ውፍረቱ ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ አይችልም። ከዱላው ሲፈናጠር የሚኖረው ፍጥነት እንኳ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ሁሉንም አንድ ሕግ ከገዛቸው፣ 30 ዶላሩ የምን ነው?»

ሰውየው ከግማሽ በላይ እውነት አላቸው። ደንቡን የሚያወጡት የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበርና መቀመጫውን በስኮትላንዷ ሴንት አንድሩስ ያደረገው አር ኤንድ ኤ ናቸው። ፈተናውን ያለፉ ኳሶችንም በየጊዜው በዝርዝር ያወጣሉ። በቤተ ሙከራ ሲመታ የመነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ250 ጫማ፣ ማለትም ከ76 ሜትር ያህል፣ ከተፈቀደችው ጥቂት ጭማሪ ጋር ካለፈ ኳሱ ይወድቃል። ለረጅም ዓመታት በሠራው የርቀት ፈተና ደግሞ ወሰኑ 317 ያርድ ነው፤ እዚያም ላይ የምትፈቀደው ጭማሪ 3 ያርድ ብቻ ናት። «ሩቅ ይሄዳል» የሚል ጽሑፍ ያልታተመበት ካርቶን ማግኘት ይከብዳል። ውዱም ርካሹም ግን የሚሮጠው እዚያው ጣሪያ ሥር ነው።

«በድራይቨር፣ በረጅሙ ዱላ ከሆነ እሺ» አለች የእህት ልጅ። «በረጅሙ ምት በ25ቱና በ55ቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ያርድ ነው። ያንንም ነፋሱ ይወስደዋል። እኔ የምጠይቅዎ ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳዋ ካለችበት ከግሪኑ ሠላሳ ያርድ ርቀው በአጭሩ ዱላ፣ በዌጅ ሲመቱ ኳሷ የት ትቆማለች?»

«አትቆምም። ትሄዳለች።»

«30 ዶላሩ እሱ ነው።»

ቀጥላም ስለ ሽፋኑ አስረዳች። የ25 ዶላሮቹ ኳሶች የለበሱት አዮኖመር የተባለውን ፕላስቲክ ነው፤ ተጫዋቾች ዱፖንት ባወጣለት የንግድ ስም ሰርሊን እያሉ ያውቁታል። ጠንካራ ነው፣ አይቆረጥም፣ አስፋልት ላይ ነጥሮ ቢመለስ እንኳ ብዙ አይጎዳም። ውዶቹ የለበሱት ዩሬቴን ነው፤ ቀጭንና ለስላሳ ነው። በድራይቨር ሲመታ ምቱ ኃይለኛ በመሆኑ ኳሱ እስከ እምብርቱ ይጨመቃል፣ ሽፋኑ ብዙ ድርሻ የለውም። በዌጅ ለዘብ ተደርጎ ሲመታ ግን እምብርቱ አይነቃም፤ ሥራውን የሚሠራው ሽፋኑና ከሥሩ ያለው ጠንካራ ድርብ ነው።

«የዱላውን ፊት ምጣድ ነው ይበሉ» አለች። «አዮኖመር ሲሆን በደንብ የተሟሸ ምጣድ ነው። ኳሷ ተንሸራታ ሽቅብ ትወጣለች፣ ብዙም ሳትሽከረከር ታርፋለች፣ ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች። ዩሬቴን ሲሆን ምጣዱ አልተሟሸም። ይይዛታል።»

«አሜሪካ ያደግሽ ልጅ ያልተሟሸ ምጣድ የት አየሽ?»

«እማዬ ኤሌክትሪኩን የገዛች ቀን።»

የሽክርክሪቱ መጠን ቀልድ አይደለም። አንድ ባለሙያ በድራይቨር የመታት ኳስ በደቂቃ 2 ሺህ 600 ዙር ያህል ስትሽከረከር፣ በፒቺንግ ዌጅ ሙሉ ምት የተመታችው ከ9 ሺህ ዙር ታልፋለች። በአጭሯ ምት በአዮኖመርና በዩሬቴን መካከል የሚታየው ልዩነት በሺዎች የሚቆጠር ዙር ሊሆን ይችላል፤ ሣሩ እርጥብ ሲሆንማ ይብሳል። ኳሷን ባንዲራው አጠገብ የሚያስቆማት ወይም ከግሪኑ ማዶ የሚያሳልፋት ይህ ነው።

ሁለቱ ሽፋኖች ለረጅም ጊዜ የሁለት የተለያዩ ዓለማት ሰዎች ንብረት ነበሩ። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ አብዛኞቹ ባለሙያዎች የሚመርጡት በላስቲክ ክር ተጠቅልሎ ባላታ በተባለ ለስላሳ ነገር የተሸፈነ ኳስ ነበር። ግሪን ላይ ይታዘዛል፤ ነገር ግን አንዲት የተሳሳተች የአይረን ምት አፍ አውጥታለት ትሄዳለች። ተራው ተጫዋች በበኩሉ ሰርሊን የለበሰውን ባለ ሁለት ክፍል ኳስ ይዞ ነበር፤ ዕድሜው ረጅም፣ ርቀቱ ጥሩ፣ ግሪን ላይ ግን ድንጋይ። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ታይገር ዉድስ በግንቦት ወር ወደ ናይኪ ድፍን ኳስ ዞረና በሰኔ ፔብል ቢች ላይ የአሜሪካን ኦፕን በ15 ምት ብልጫ አሸነፈ። በጥቅምት ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ ፕሮ ቪ1 ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለሙያዎች ቀረበ። በዚያ አንድ ሳምንት 47 ተጫዋቾች ያዙት፤ ያሸነፈው ቢሊ አንድራዴም ከእነሱ አንዱ ነበር። ድፍን የላስቲክ እምብርት፣ በላዩ የአዮኖመር ድርብ፣ ከላይ ቀጭን ዩሬቴን፤ የሚሮጠውና የሚቆመው በአንድ ኳስ ተገናኙ። ክር የተጠቀለለው ኳስ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ።

አጎት ታሪኩን በትዕግሥት ሰሙ። «እና ያ ሁሉ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈው። ዕቃ ሲቆይ ይረክሳል። ቴሌቪዥን ረክሷል። ይኼ ለምን አልረከሰም?»

«ግማሹ የማምረቻው ጣጣ ነው። አዮኖመር ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት ይገባል፣ ይቀዘቅዛል፣ አለቀ። የፕሮ ቪ1 ዓይነቱ ዩሬቴን ግን ሁለት ፈሳሾች ቅርጹ ውስጥ ተገናኝተው እዚያው እንዲጠነክሩ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ጊዜ ይወስዳል፣ የሚበላሸውም ብዙ ነው። እንደ ተራ ፕላስቲክ ቀልጦ የሚገባ ዩሬቴንም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ከአዮኖመርም ይሻላል።»

«ሌላው ግማሽስ?»

«እሱን እርስዎ ከእኔ ያውቁታል። የማስታወቂያ፣ የባለሙያ ተጫዋች፣ የፓተንት።»

ለአባላቱ የሚሸጠው መደብር ኮስትኮ ሲነሣ የአጎት ዓይን በራ። አባል ናቸው፤ የዓመቱን ክፍያ በሩዝና በዘይት ብቻ መልሰው እንዳተረፉት በወረቀት ማሳየት ይችላሉ። «ይኼን እኔ ልንገርሽ» አሉ። በ2016 ኮስትኮ ከርክላንድ በሚለው በራሱ ስም ባለ አራት ድርብ የዩሬቴን ኳስ አወጣ። ሁለት ደርዘኑ 29 ዶላር ከ99፤ አንዷ ኳስ በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ናሳው በተባለ ኩባንያ የተሠራ ነበር። መርማሪዎች ከፕሮ ቪ1 ጋር ጎን ለጎን ሲፈትኑት የሚያሳፍር አልሆነም፣ ወሬው ተዛመተ፣ ኳሱ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ያገኙ ሰዎችም በኢንተርኔት አትርፈው ይቸበችቡት ጀመር።

ቀሪውን እሷ ቀጠለች፣ ፍርድ ቤት ደርሷልና። የታይትሊስት ባለቤት አኩሽኔት፣ ፓተንቶቼ ተነክተዋል፣ ከታወቁት ብራንዶች እኩል ወይም የተሻለ ነው የሚለው የኮስትኮ ቃልም አሳሳች ነው ሲል ደብዳቤ ጻፈ። ኮስትኮ መከሰስን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በመጋቢት 2017 ሲያትል በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ራሱ ቀድሞ ጉዳዩን አቀረበ፤ አኩሽኔት በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በክስ መለሰለት። በ2018 በስምምነት ተዘጋ። የመጀመሪያው ኳስ ባለ አራት ድርብ ነበር፤ በኋላ የመጣው ባለ ሦስት ድርብ ነው። እሱም በድራይቨር ሽክርክሪቱ ይበዛል፣ በዚህም ርቀት ያጣል የሚል ትችት አለበት። ግሪን አካባቢ ግን ይታዘዛል፣ ዛሬም ሁለት ደርዘኑ ከ40 ዶላር በታች ነው።

ከኳሱ ጥራት ይልቅ የበለጠ የሚነገርለት መዘዙ ነው። ተራ ሰው ዩሬቴን በርካሽ መግዛት እንደሚችል አወቀ። ከኮስትኮ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ2015፣ ፕሮ ቪ1ን ከፈለሰፉት አንዱ የሆነው ዲን ስኔል በስሙ ኩባንያ ከፍቶ ያለ አከፋፋይ በቀጥታ መሸጥ ጀምሮ ነበር። የጀርመኑ ቫይስም የሚሸጠው በዚያው መንገድ ነው። ዲክስ የተባለው የስፖርት ዕቃ መደብር ከ2008 ጀምሮ የእሱ በሆነው በማክስፍላይ ስም የዩሬቴን ደርዘን በ40 ዶላር ገደማ ይሸጣል፤ ሁለት ሲገዙ ይቀንሳል። ትልልቆቹም ዝም አላሉም፤ የስሪክሰን ኪው ስታር ቱርና የቴይለርሜድ ቱር ሪስፖንስ በዚሁ የዋጋ ሰፈር የሚኖሩ ዩሬቴኖች ናቸው። ካርቶኑ ላይ «ቱር» የሚል ስላለ ብቻ ግን ዩሬቴን ነው ማለት አይደለም፤ የታይትሊስት ቱር ሶፍት ሽፋኑ ሌላ ነገር ነው። የሚነበበው ከኋላ ያለው ትንሹ ጽሑፍ ነው።

«እኔ ግን» አሉ አጎት፣ «ምቴ ዝግተኛ ስለሆነ ለስላሳ ኳስ ያስፈልግሃል ይሉኛል። ጠንካራውን መጭመቅ አትችልም ይሉኛል።»

እህ ብላ ሳቀች። ይህ በጎልፍ ዓለም እንደ ጸሎት የሚደገም ነገር ነው። የኳስ ጥንካሬ ኮምፕሬሽን በሚባል ቁጥር ይለካል። ሱፐርሶፍት 40 አካባቢ ሲሆን፣ ፕሮ ቪ1 90 አካባቢ ነው። የተራ ወንድ አማተር የድራይቨር ፍጥነት በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የባለሙያዎቹ ከ180 ይበልጣል። ዝግተኛ እጅ ጠንካራ ኳስ መጭመቅ አይችልም የሚለው ግን አይሠራም፤ በድራይቨር ማንኛውም ኳስ በማንም እጅ ይጨመቃል። ማይጎልፍስፓይ የተባለው የዕቃ መርማሪ በ2019 በሮቦት በዝግተኛና በፈጣን ምት ብዙ ኳሶችን ፈትኖ ያገኘው ተቃራኒውን ነው፤ ለስላሳ ኳስ ቀርፋፋ ነው። በዝግተኛ ምት ልዩነቱ ያንሳል እንጂ አይገለበጥም።

«ታዲያ ለስላሳ ለምን ይሸጣል?»

«ጆሮ ስለሚወደው። ለስለስ ያለ ድምፅ፣ በእጅ ላይ የማይነዝር ምት። እሱ ራሱ የሚገዛ ነገር ነው፤ ግን ርቀት አይደለም። ለስለስ ያለ ሽፋንና ለስለስ ያለ ኳስም አንድ አይደሉም። ግሪን ላይ የሚያቆመው የመጀመሪያው ነው።»

አጎት ስልካቸውን አወጡ። የሒሳብ ሰው ክርክር ሲጠብበት ወደ ቁጥር ይሸሻል። በአንድ ጨዋታ ሦስት ኳስ የሚጥል ሰው በፕሮ ቪ1 13 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይከስራል። በ25 ዶላሩ ደርዘን 6 ዶላር ከ25። ልዩነቱ በጨዋታ 7 ዶላር ከ50 ነው፤ በዓመት 30 ጊዜ ለሚጫወት 225 ዶላር። «በዚህ ገንዘብ» አሉ፣ «አስተማሪ ቀጥሬ ሦስቱን ኳስ አልጥልም።» ለዚህ ክርክር መልስ መስጠት ከባድ ነው፤ እሷም አልሞከረችም። ይልቁንስ ቁጥሩን ራሱን አስተካከለች። የ40 ዶላሩን ዩሬቴን ብታስገባ አንዷ ኳስ 3 ዶላር ከ33 ትወጣለች፤ ከ25ቱ ጋር ያለው ልዩነት በጨዋታ 4 ዶላር እንኳ አይሞላም። በከርክላንድ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ዩሬቴኑ ራሱ ከአዮኖመሩ ይረክሳል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ወገን መያዝ አለበት። ገና ኳሷን ከመሬት ማንሣት የሚታገል፣ ግሪን አካባቢ ሲደርስ በፓተር የሚገፋ ሰው ዩሬቴን ቢገዛ ገንዘቡን ያባክናል። 25 ዶላሩም በዝቶበት ይሆናል። በዌጅ ኳሷን ከመሬት አጥርቶ መምታት የጀመረ ሰው ግን በአዮኖመር ሲጫወት እጁ የሠራውን ሽፋኑ ያፈርስበታል፤ ጥፋቱንም በራሱ ላይ ይቆጥራል። ለዚህ ሰው 55 ዶላሩ ትርፍ ነገር ነው፤ ከ25ቱ ወደ 40ው ያለው ርቀት ግን ከ40 ወደ 55 ካለው እጅግ ይሰፋል።

«ርካሹ ውስጡ ጠማማ ይሆናል ይላሉ» አሉ አጎት፣ ገና እጅ አልሰጡም። ይህ የቆየ ጭንቀት ነው፤ ታይትሊስትም የተወለደው ከዚሁ ጭንቀት ነው። ፊል ያንግ የተባለ የማሳቹሴትስ የላስቲክ ነጋዴ በ1932 ከቀዳዳዋ ጠርዝ ያመለጠችውን ኳስ ራጅ ማሽን ላለው ጓደኛው ሰጠ፤ ራጁ ሲታይ እምብርቱ ከመሐል ሸሽቷል። የታይትሊስት የመጀመሪያ ኳስ በ1935 ወጣ። ዛሬ ራጅ የሌለው ሰው ጨው ይጠቀማል። የኳስ እፍጋት ከውሃ በ13 ከመቶ ያህል ስለሚበልጥ ኩሬ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጨው ጠግቦ መሟሟት ያቆመ ውሃ ላይ ግን ይንሳፈፋል። በጣት ሲሽከረከር ሁልጊዜ አንድ ጎን ወደ ላይ ይዞ ከቆመ ክብደቱ ወደ ታች አዘንብሏል ማለት ነው። በዛሬ ኳሶች ልዩነቱ ሲገኝም ትንሽ ነው፤ ከሁለት ሜትር ላይ መትቶ ቀዳዳዋን የሳተ ሰው ጥፋቱን በጨው ውሃ መፈለጉ የእሁድ ከሰዓት ጨዋታ ነው።

ከመደርደሪያው ጥግ ላይ ከኩሬ ወጥተው የታጠቡ ኳሶች በከረጢት ተንጠልጥለዋል። በደረጃ ይሸጣሉ፤ አዲስ የሚመስለው ፕሮ ቪ1 በግማሽ ዋጋ ገደማ ይገኛል። አጎት እጃቸውን ሰደዱ።

«ይኼንን ይዩ» አለች፣ ከረጢቱን ገልብጣ። «የታጠበ ብቻ ከሆነ ይግዙ። ቀለም ተነሥቶ እንደገና የተቀባውን ግን ይተዉት። ቀለሙ ስርጉዶቹን ይሞላቸዋል፤ ኳስን በአየር ላይ የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። ስርጉድ የሌለው ልሙጥ ኳስ የግማሹን ያህል ቢሄድ ነው። ላዩ ላይ የታተመውን ስምም ማን እንዳተመው አይታወቅም።»

«አዲሱ ስንት ስርጉድ አለው?»

«ፕሮ ቪ1 388። ፕሮ ቪ1 ኤክስ 348። ቁጥሩ ሲበዛ ይሻላል ማለት አይደለም።»

«አላልኩም።»

«ሊሉ ነበር።»

በመጨረሻ የተስማሙት ደርዘን ባለመግዛት ላይ ነው። ከአዮኖመሩ ሦስት ኳስ የያዘች ትንሿን ካርቶን፣ ከ40 ዶላሩ ዩሬቴንም እንዲሁ ሦስት። ሙከራውም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ከድራይቨር አይጀምርም። ከግሪኑ ጠርዝ ላይ ሁለቱን እያፈራረቁ መምታት፣ የት እንዳረፉና የት እንደቆሙ ማየት፣ ከዚያ ሃያ ሠላሳ ያርድ ወደ ኋላ ማለት፣ ድራይቨሩን መጨረሻ ማውጣት። ልዩነቱ እዚያ ካልታየ 25ቱ ይበቃል።

«በአንድ ጨዋታ ሁለቱንም ብጠቀምስ?» አሉ አጎት፣ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ እያመሩ። «ውሃ ባለበት ርካሿን፣ በሌላው ውዷን።»

«በተራ ጨዋታ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲሻገሩ መቀየር ይችላሉ፤ በአንዱ ቀዳዳ መሐል ግን ያለ ምክንያት አይቻልም። የአንዷን ዓይነት ብቻ ይዞ የመጫወት ግዴታ ባለሙያዎቹ ዘንድ ነው። ግን ቢቀያይሩ የትኛዋ የት እንደምትቆም መቼ ያውቋታል?»

አጎት መልስ አልሰጡም። የዩሬቴኗን ካርቶን ወደ ብርሃን አዙረው እያዩ ነበር።

«ቢጫ አለው ይኼ? በረገፈ ቅጠል ውስጥ ነጩ አይታየኝም።»

«አለው።»

«ዋጋው?»

«ያው ነው።»

ነጯን መለሱና ቢጫዋን ሊያመጡ ወደ መደርደሪያው ተመለሱ።